ጠብታውና አተላው

ማንጠር በኬሚስትሪ ሲነገር፣ አንድን ድብልቅ ፈሳሽ አፍልቶ የሚነሣውን እንፋሎት ከፈላበት ዕቃ በማራቅና በማቀዝቀዝ እንደገና ወደ ፈሳሽነት የመመለስ ሥራ ነው። ሥራው የተመሠረተው በአንድ ዕቃ የተደባለቁ ነገሮች በሙቀት ሲገፉ እኩል ባለመነሣታቸው፣ አንዱ ቶሎ ሲተን ሌላው በመዘግየቱ ላይ ነው። ተንኖና ቀዝቅዞ የሚጠራቀመው ክፍል ንጥር ሲባል፣ በማፍያው ዕቃ ሥር የሚቀረው ደግሞ ቅሪት፣ በአገር ቤት አነጋገር አተላ ነው፤ ስለዚህ ማንጠር በተከናወነ ቁጥር ቢያንስ ሁለት ውጤቶች ይገኛሉ።

የዚህን ሥራ ውጤት ሳይነካ የሚውል ሰው ጥቂት ነው። ታክሲው የሚነዳበት ቤንዚን፣ ታክሲው የሚሄድበት ሬንጅ፣ በመኪና ባትሪ ውስጥ የሚጨመረው ውሃ፣ የእጅ ማጽጃው አልኮልና የሽቶው መዓዛ ሁሉም ከማንጠሪያ የወጡ ናቸው። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሰው ስለ ነገሩ የሚያውቀው ግማሹን ነው። ጠብታው ጥርት ብሎ ሲወርድ ስለሚታይ ንጹሕ እንደሆነ ይታመናል፤ በዕቃው የቀረው ስለጠቆረና ስለወፈረ ቆሻሻ ተብሎ ይናቃል። ሁለቱም ግምቶች ብዙ ጊዜ ስሕተት ናቸው፤ የመጀመሪያው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ሕይወት ያስከፍላል።

በአረቄ አውጪዎች ጓሮ

ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አርሲ ነገሌ በአረቄዋ የታወቀች ከተማ ናት። ሥራው በአብዛኛው በሴቶች እጅ ያለ ሲሆን፣ ጓሮዎቹም በአሠራራቸው እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ በምድጃ ላይ የተጣዱ ድፍድፍ የያዙ ዕቃዎች፣ ከአፋቸው ተነሥተው ዘቅዘቅ ብለው የሚወርዱ የሸንበቆ ወይም የቀርከሃ ቱቦዎች፣ በቱቦዎቹ ጫፍ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጡ ተቀባይ ዕቃዎች፣ ጢስ፣ የተቆለለ ማገዶና በአቅራቢያው የታሰሩ ከብቶች ይታያሉ። ቱቦው ከዕቃው ጋር የሚገናኝበት ቦታ በሊጥ ወይም በጭቃ ይመረጋል፤ መርጉ ከተሰነጠቀ የሚያመልጠው ዋናው ትርፍ ነውና አረቄ አውጪዋ ዐይኗን ከዚያ አትነቅልም።

ድፍድፉ ወደ እሳት ከመድረሱ በፊት ሌላ ሥራ ይቀድመዋል። የተወቀጠ ጌሾና ብቅል በውሃ ይጠነሰሳል፤ በኋላም ከበቆሎ፣ ከማሽላ፣ ከዳጉሳ ወይም ከሌላ እህል የተዘጋጀ ዱቄት ይጨመርበታል። ጎጃም ውስጥ ግብጦ ሳይቀር ለአረቄ ይውላል። በብቅሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች፣ ማለትም የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥኑ የሕያዋን ፍጡራን ውጤቶች፣ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይሰብሩታል፤ ከዚያ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። እርሾ ግን ራሱ ባመረተው አልኮል ውስጥ ገደብ የለሽ ሆኖ መኖር አይችልም፤ አልኮሉ ሲበዛበት ይደክማል፣ በመጨረሻም ይሞታል። ጠላና ጠጅ ምንም ያህል ቢቆዩ እንደ አረቄ የማይበረቱት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከዚያ ገደብ ማለፍ የሚቻለው አልኮሉን ከውሃው በመለየት ብቻ ነው።

በትምህርት ቤት እንደሚነገረው በባሕር ወለል ከፍታ ኤታኖል፣ ማለትም የመጠጥ አልኮል፣ በ78.4 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ውሃ ደግሞ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከዚህ ተነሥቶ ብዙ ተማሪ ሙቀቱ 78 ሲደርስ አልኮሉ ብቻ ተጠራርጎ ይወጣል፣ ውሃውም ተራውን ይጠብቃል ብሎ ያስባል። እውነታው ከዚህ የተወሳሰበ ነው፤ ድብልቁ ራሱን የቻለ የመፍያ ሙቀት አለው፣ እንፋሎቱም ሁልጊዜ ከሁለቱም የተቀላቀለ ነው። የሚለየው መጠኑ ነው፤ 10 በመቶ አልኮል ካለው ፈሳሽ የሚነሣው የመጀመሪያው እንፋሎት ሲቀዘቅዝ የአልኮል መጠኑ ወደ 50 በመቶ ይጠጋል። ሥራው እየገፋ ሲሄድ በዕቃው ውስጥ ያለው አልኮል ስለሚመናመን የመፍያው ሙቀት ቀስ በቀስ ከፍ ይላል፣ ጠብታውም እየቀጠነ ይሄዳል።

የቦታ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አየሩ በሳሳበት በደጋው አገር ፈሳሽ ሁሉ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ከውጭ አገር መጽሐፍ ቁጥሩን ቀድቶ ቴርሞሜትሩን የሚጠባበቅ ተማሪ ከመጽሐፉ ጋር የማይገጥም ውጤት ያገኛል። 

በሥራው ብዙ ዘመን የቆዩ እናቶች እሳት ከበዛ አረቄው ይበላሻል ይላሉ፤ ኬሚስቶችም ይስማማሉ። ኃይለኛ እሳት ድፍድፉን አስነሥቶ አረፋውንና ጥሬውን ወደ ቱቦው ይገፋል፣ ከሥር የተቀመጠውን እህል ያሳርራል፣ ተቀባዩ ዕቃ አቀዝቅዞ ሊጨርሰው የማይችለውን እንፋሎትም ያበዛል። ለስለስ ያለ እሳት ለተናኞቹ በመጠኑ የመለየት ዕድል ይሰጣቸዋል። መጀመሪያ እንደ አሴታልዴሃይድና ኢታይል አሲቴት ያሉ ቶሎ ተናኝ ውሕዶች የበዙበት፣ አፍንጫን የሚወጋ ፍሳሽ ይወርዳል፤ ቀጥሎ በኤታኖል የበለጸገው መካከለኛው ክፍል ይመጣል፤ ወደ ፍጻሜው ውሃው እየበዛ፣ ፊውዝል ተብለው የሚጠሩት ከኤታኖል የከበዱ አልኮሎችም እየጎሉ ይሄዳሉ። ዘመናዊ ፋብሪካዎች የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ለይተው ያስቀምጣሉ ወይም ወደ ማንጠሪያው ይመልሳሉ። በጓሮ ሥራ ግን ማገዶውና እህሉ ተቆጥሮ የተገዛ ስለሆነ ከጠብታው የሚደፋ ነገር እንዲኖር መጠየቅ ቀላል አይደለም።

አንድ ጊዜ የወጣው ተራ አረቄ የአልኮል መጠኑ 35 በመቶ አካባቢ ሲሆን፣ እሱው እንደገና ተጥዶ ሲወጣ ዳግም አረቄ ይባላል፤ መጠኑም ወደ 45 በመቶ ከፍ ይላል። አንዳንድ ጠጪዎች ጥንካሬውን ለመፈተን ክብሪት ይጭሩበታል፤ ሰማያዊ ነበልባል ካሳየ ጥሩ ነው ተብሎ ይመሰገናል። ነበልባሉ የሚመሰክረው ግን ፈሳሹ በቂ ተቀጣጣይ ነገር እንዳለው እንጂ ያ ነገር ምን እንደሆነ አይደለም።

> ማንጠር በተከናወነ ቁጥር ቢያንስ ሁለት ውጤቶች ይገኛሉ፤ ሰው ግን የሚቆጥረው አንዱን ብቻ ነው።

ከ95.6 በመቶ ወዲያ

ዳግም ከተቻለ ሦስተኛ፣ አራተኛና ዐሥረኛ ጊዜ እያነጠሩ መቶ በመቶ አልኮል ላይ መድረስ ይቻላል የሚል ግምት ይኖር ይሆናል። ተፈጥሮ ግን ጥቂት ሲቀረው በሩን ትዘጋለች። ኤታኖልና ውሃ፣ ኤታኖሉ በክብደት 95.6 በመቶ ገደማ ሲደርስ፣ ከሁለቱም በታች በሆነ ሙቀት አብረው ይፈላሉ፤ እንፋሎቱና ፈሳሹም አንድ ዓይነት ይዘት ይኖራቸዋል። እንዲህ ያለው ድብልቅ አዚዮትሮፕ ይባላል፤ እንፋሎቱ ከፈሳሹ የማይለይ ከሆነ ደግሞ ቢደጋገም የሚያተርፈው ማገዶ ማባከንን ነው።

ይህ የላቦራቶሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከስኳር የሚተርፈውን ጥቁር ዝልግልግ ሞላሰስ አብላልተው ኤታኖል ያወጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ውስጥ 5 በመቶ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ሲጀመር፣ በ2011 ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀል አልኮል ውሃ ሊኖረው አይገባም፤ ውሃ ካለው ድብልቁ በመኪናው ታንክ ውስጥ ተለያይቶ ውሃ ያዘለው አልኮል ከሥር ይዘቅጣል፣ ሞተሩም ይታወካል። በመሆኑም ማንጠሪያው የሚቻለውን ከሠራ በኋላ ቀሪውን ሥራ ዚዮላይት የተባለው ማዕድን ይረከባል። ዚዮላይት የውሃን ሞለኪውል የሚያስገቡ፣ የኤታኖልን ግን የማያስገቡ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃውን ውጦ አልኮሉን ያሳልፋል።

የጥበቡ ጉዞ

የማንጠሪያ ዕቃ ታሪክ ብዙ ጊዜ ከእስክንድርያ ይጀመራል። በመጀመሪያዎቹ የክርስትና ምዕተ ዓመታት በዚያ ከነበሩት የኬሚያ ጠቢባን መካከል አይሁዳዊቱ ማርያም በመባል የምትታወቀው ሴት፣ ሦስት መውረጃ ያለው ማንጠሪያ እንደገለጸች የፓኖፖሊሱ ዞሲሞስ ጽፏል። በኋላ ጥበቡ በዐረብኛ በሚጽፉ ሊቃውንት እጅ ዳበረ፤ በ9ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው አል ኪንዲ ስለ ሽቶ ኬሚስትሪና ስለ ማንጠር ራሱን የቻለ መጽሐፍ አዘጋጅቷል። በ12ኛው ምዕተ ዓመት በጣሊያን የሳሌርኖ የሕክምና ትምህርት ቤት ከወይን ጠጅ የሚነጠረው አልኮል በጽሑፍ ተመዘገበ፤ መጀመሪያ የተፈለገውም ለመድኃኒትነት ነበር።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ምዕተ ዓመታት ሥራው እንደ አርሲ ነገሌው ጓሮ አንድ ዕቃ ሞልቶ፣ አፍልቶ፣ አውጥቶና አጥቦ እንደገና መሙላት ሆኖ ቆየ። መልኩን የቀየረው አየርላንዳዊው ኢኒያስ ኮፊ እ.ኤ.አ. በ1830 የፈጠራ መብት ያገኘበት ያለማቋረጥ የሚሠራ የማንጠሪያ ማማ ነው። በማማው ውስጥ እርስ በርስ የተደራረቡ ቀዳዳ ያላቸው ወለሎች አሉ፤ እንፋሎቱ ሽቅብ ሲወጣ ፈሳሹ ቁልቁል ይወርዳል፣ በየወለሉም ሲገናኙ ከእንፋሎቱ ከባዱ ይቀዘቅዛል፣ ከፈሳሹ ቀላሉ ይተናል። እያንዳንዱ ወለል እንደ አንድ ተጨማሪ ማንጠር ስለሚቆጠር፣ አረቄ አውጪዋ በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ የምትሠራውን ማማው በአንድ ጉዞ ደጋግሞ ይፈጽመዋል።

ድፍድፍ ነዳጅ፦ ከላይ ጋዝ፣ ከታች ሬንጅ

የነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካ ልብ ይኸው ማማ ነው። ከጉድጓድ የወጣው ድፍድፍ ነዳጅ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልዩ ልዩ ውሕዶች ድብልቅ ሲሆን፣ እስከ 350 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያም በላይ ሞቆ ወደ ማማው ሥር ይገባል። ቀላሎቹ እስከ ጫፍ ወጥተው በቤት የሚነደውን ቡታ ጋዝ ይሰጣሉ፤ ዝቅ ብሎ ቤንዚን፣ ከሱ ቀጥሎ ነጭ ጋዝና የአውሮፕላን ነዳጅ፣ ከዚያም ናፍጣ ይቀዳል። የማይተነው ከሥር ይቀራል፤ ይህን ቅሪት አብዝቶ ማሞቅ ደግሞ ሞለኪውሎቹን ስለሚሰብራቸው ወደ ሌላ ማማ ተወስዶ አየሩ እየተመጠጠ በዝቅተኛ ግፊት እንደገና ይነጠራል። ከዚያም የሞተር ዘይት የሚሆነው ይወጣና በመጨረሻ ጥቁሩ ሬንጅ ይቀራል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ትርፍና ጥራጊ የሚባሉት በዘመን ይለዋወጣሉ። ፖላንዳዊው የመድኃኒት ቀማሚ ኢግናሲ ዉካሼቪች እ.ኤ.አ. በ1853 በልቪቭ ሆስፒታል የነጭ ጋዝ ፋኖስ ሲያበራ፣ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚፈለገው መብራት ላይ የሚውለው ነጭ ጋዝ ብቻ ነበር። ቤንዚን ለመኪና ሞተር እስኪፈለግ ድረስ በቀላሉ እሳት የሚያስነሣ አስቸጋሪ ተረፈ ምርት ሆኖ ይደፋ ነበር። የድንጋይ ከሰል ሬንጅም እንዲሁ የጋዝ ፋብሪካዎች መጣያ ያጡለት ዝቃጭ ነበር፤ ኬሚስቶች እሱን እያነጠሩ ቤንዘን የተባለውንና ሌሎች ውሕዶችን ማውጣት ከጀመሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1856 የ18 ዓመቱ ዊልያም ፐርኪን ከዚያ ዘር የተገኘ አኒሊን የተባለ ኬሚካል ይዞ ኪኒን ለመሥራት ሲሞክር ሐምራዊ ቀለም አገኘ። የሰው ሠራሽ ቀለሞችና በኋላም የብዙ መድኃኒቶች ኢንዱስትሪ የተነሣው ከዚያ አተላ ነው።

> ቤንዚን ለመኪና ሞተር እስኪፈለግ ድረስ የሚደፋ ተረፈ ምርት ነበር።

ኢትዮጵያ ከዚህ ማማ ጋር የነበራት ግንኙነት አሰብ ላይ ነበር። በሶቪየት ኅብረት ብድር የተሠራው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀምሮ ለአገሪቱ ነዳጅ ሲያቀርብ ቆይቷል፤ ኤርትራ ነጻነቷን ካወጀች በኋላም እስከ 1997 ሠርቶ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ የምታስገባው በሌሎች አገሮች ማማዎች ተነጥሮ ያለቀውን ነዳጅ ነው፤ ይህም ማለት ሬንጁም፣ ናፍጣውም፣ ቡታ ጋዙም በየራሳቸው ዋጋ በውጭ ምንዛሪ ይገዛሉ ማለት ነው። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች አንድ ወገን ማጣሪያ የሌለው አገር የቅሪቱን ጥቅም ያጣል ሲል፣ ሌላው ወገን አነስተኛ ማጣሪያ ከግዙፎቹ ጋር ተወዳድሮ አያዋጣም ይላል። የሁለተኛው ወገን ክርክር በቁጥር ረገድ የጠነከረ ይመስላል፤ ትላልቆቹ ማጣሪያዎች ሙቀትን ደጋግመው የሚጠቀሙበት ስልት በትንሽ ፋብሪካ የሚገኝ አይደለም።

መዓዛን ሳያቃጥሉ ማውጣት

የባሕር ዛፍ ቅጠል መዓዛ ዋና ምንጭ ሲኒዮል የተባለ ውሕድ ነው፤ ብቻውን ቢሞቅ ከ170 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ አይፈላም። በዚያ ሙቀት ቅጠሉም መዓዛውም ያርራሉ። ነገር ግን ቅጠሉ ውስጥ የውሃ እንፋሎት ሲለቀቅበት ዘይቱ ከ100 ዲግሪ በታች ከእንፋሎቱ ጋር ተያይዞ ይወጣል። ምክንያቱ እርስ በርስ የማይዋሐዱ ሁለት ፈሳሾች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የእንፋሎት ግፊት ማዋጣታቸው ነው፤ የሁለቱ ድምር የአየሩን ግፊት በቻለ ጊዜ መፍላት ይጀመራል፣ ለዚህም ከሁለቱ አንዱም የራሱ መፍያ ላይ መድረስ አያስፈልገውም። ንጥሩ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ተቀድቶም ይለያል። የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል በዚህ ዘዴ ከጠጅ ሣርና ከሌሎች መዓዛማ ዕፅዋት ዘይት በማውጣት ሥራ ይታወቃል። ከዘይቱ ሥር የሚቀረው መዓዛ የያዘ ውሃም ለመዋቢያ ምርቶች ስለሚፈለግ አይደፋም።

የኢትዮጵያ ዕጣንም በዚሁ መንገድ ይነጠራል። በመተማና በትግራይ ቆላዎች ከሚበቅለው የዕጣን ዛፍ ሙጫ የሚወጣው ዘይት ዋነኛ ክፍሉ ኦክታይል አሲቴት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ አንዳንድ የመዓዛ ዘይት ነጋዴዎች ይህን ዘይት ሲሸጡ ቦስዌሊክ አሲድ የተባለው በሳይንቲስቶች ዘንድ ስለ እብጠት ሕመም የሚጠናው ውሕድ እንዳለበት ያስተዋውቃሉ። ቦስዌሊክ አሲድ ግን እጅግ ከባድ ስለሆነ ከእንፋሎት ጋር አይነሣም፤ ከሥር በሚቀረው ሙጫ ውስጥ ይቀራል። ገዢው የከፈለበት ነገር ጠርሙሱ ውስጥ ሳይሆን ማፍያው ውስጥ ነው።

አየርም ይነጠራል

ፈሳሽ ያልሆነውን አየር እንኳ እስኪፈስ አቀዝቅዞ ማንጠር ይቻላል። ጀርመናዊው ካርል ፎን ሊንደ እ.ኤ.አ. በ1895 አየርን በብዛት ወደ ፈሳሽነት የሚለውጥበትን መሣሪያ ሠራ፤ ናይትሮጅን በ196 ዲግሪ፣ ኦክስጅን ደግሞ በ183 ዲግሪ ከዜሮ በታች ስለሚፈሉ በማማ ውስጥ ይለያያሉ። ለብረት ማቅለጫና ለትልልቅ ሆስፒታሎች የሚቀርበው ፈሳሽ ኦክስጅን የዚህ ሥራ ውጤት ነው። ዊልያም ራምሴና ሞሪስ ትራቨርስ እ.ኤ.አ. በ1898 ኒዮንን፣ ክሪፕቶንንና ዜኖንን ያገኙት ፈሳሽ አየርን እያነጠሩ ነው፤ ክሪፕቶንና ዜኖን የተገኙት አብዛኛው ከተነነ በኋላ በቀረው ዝቃጭ ውስጥ ነበር። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በየሆስፒታሉ ቅጥር የተተከሉት ዓይነት አነስተኛ የኦክስጅን ማምረቻዎች ግን ማንጠሪያ አይደሉም፤ ከላይ በኤታኖሉ ሥራ የተነሣው ዚዮላይት ነው ናይትሮጅኑን እየያዘ ኦክስጅኑን የሚያሳልፈው።

የአተላው ሒሳብ

በአርሲ ነገሌው ጓሮ አጠገብ የታሰሩት ከብቶች ያለ ምክንያት አልታሰሩም። አልኮሉ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው አተላ የእህሉን ፕሮቲን፣ ቃጫና የሞተውን እርሾ ይዞ ስለሚቀር ለማድለቢያ ይውላል። አረቄ አውጪዎች ሲጠየቁ የእህሉና የማገዶው ዋጋ በናረበት ጊዜ ከአረቄው የሚተርፈው እጅግ ጥቂት እንደሆነ፣ ቤቱን ያቆመው በአተላው የደለበው በሬ እንደሆነ የሚናገሩ ይገኛሉ። ከብት አድላቢዎች ደግሞ አተላው ትኩሱን ወይም አልኮሉ ወጥቶ ሳያልቅ ከተሰጠ ከብቱን እንደሚያሰክር፣ ከድርቆሽ ጋር መደባለቅ እንዳለበት ያስጠነቅቃሉ።

የስኳር ፋብሪካው ቅሪት ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ከሞላሰስ ኤታኖል ሲወጣ የሚቀረው ቪናስ የተባለው ቡናማ ፈሳሽ ከአልኮሉ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ፖታስየም ስላለው በልኩ ከተረጨ ለሸንኮራ ማሳ ማዳበሪያ ይሆናል፣ ሳይታከም ወንዝ ከገባ ግን የውሃውን ኦክስጅን ጨርሶ ዓሣውን ይገድላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከቧንቧ የሚቀዱት ውሃ በከፊል ከባሕር ተነጥሮ የመጣ ነው፤ እዚያም የሚቀረው ጨው የበዛበት ትኩስ ውሃ ወደ ባሕሩ ተመልሶ በአካባቢው ሕይወት ላይ የሚያስከትለው ጫና ያነጋግራል።

ከቅሪቶች ሁሉ የማይታየው ሙቀቱ ነው። አንድ ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ 100 ለማድረስ ከሚያስፈልገው ሙቀት ይልቅ፣ የፈላውን ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚያስፈልገው ከ6 እጥፍ በላይ ነው። ያ ሁሉ ሙቀት እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይሄዳል። ዘመናዊ ፋብሪካ በዚህ ሙቀት የሚቀጥለውን ጥሬ ዕቃ ያሞቅበታል፤ በጓሮው ሥራ ግን የሞቀው ውሃ ተደፍቶ በቀዝቃዛ ይተካል። የአርሲ ነገሌ አረቄ ማገዶ በከፊል ከአቅራቢያው ከሙኔሳ ደን እንደሚመጣ ሲታሰብ፣ በየቀኑ የሚደፋው ትኩስ ውሃ የዛፍ ዋጋ እንዳለው ግልጽ ነው። ችግሩን በክልከላ ለመፍታት ማሰብ ለባለሥልጣን ይቀልላል፤ ሥራው የብዙ ሴቶች እንጀራ በመሆኑ ግን የተሻለ ምድጃና የብረት ማቀዝቀዣ ማቅረቡ የበለጠ ይጠቅማል።

> ጥራት የዐይን ምስክርነት ነው፤ ሜታኖልም እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው።

ማንጠር የማይሠራው ሥራ

ስለ ማንጠር ከሚነገሩት ግማሽ እውቀቶች ሁሉ አደገኛው ስለ ሜታኖል ያለው ነው። ሜታኖል ከመጠጥ አልኮል ጋር በመልክም፣ በሽታም፣ በመቀጣጠልም የሚመሳሰል፣ ለቀለም ማቅጠኛና ለኢንዱስትሪ የሚውል ፈሳሽ ነው። በ64.7 ዲግሪ፣ ማለትም ከኤታኖል በታች ስለሚፈላ፣ የመጀመሪያው ፍሳሽ ከተደፋ መርዙ ሁሉ አብሮ ይደፋል የሚል እምነት በብዙ አገር ተስፋፍቷል። ከላይ እንደተገለጸው ግን ድብልቅ ፈሳሽ በየመፍያው ተራ ጠብቆ አይወጣም፤ ሜታኖል ከጠብታው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ተበትኖ ስለሚወርድ በተራ ማንጠሪያ ለይቶ ማስወገድ አይቻልም። ደግነቱ ከእህል በሚዘጋጅ ድፍድፍ የሚፈጠረው ሜታኖል እጅግ ጥቂት ነው፤ በብዛት የሚወጣው ፔክቲን የተባለው ክፍል ካላቸው ፍራፍሬዎች ነው። በዓለም ላይ በጅምላ የሚገድለውም በጓሮ የተነጠረው ሳይሆን፣ ነጋዴዎች ለትርፍ ሲሉ ወይም ባለማወቅ የኢንዱስትሪውን ሜታኖል ቀላቅለው የሚሸጡት መጠጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኢራን ውስጥ አልኮል ከኮሮና ያድናል በሚል ወሬ ተታለው እንዲህ ያለ መጠጥ የጠጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል።

ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ሜታኖል ራሱ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ የሚከፋው በጉበት ውስጥ የሚለወጥበት ፎርሚክ አሲድ ነው፤ ይህ አሲድ የዐይንን ነርቭ ያጠቃል፣ ደምንም ያመርዛል። ለውጡ ጊዜ ስለሚወስድ ጠጪው መጀመሪያ እንደማንኛውም ሰካራም ይሆንና፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ደኅና የሆነ መስሎ ከቆየ በኋላ ነው ዐይኑ የሚደበዝዘው፣ ሆዱን የሚቆርጠው፣ ትንፋሹም የሚፋጠነው። በጊዜ ከተደረሰ ሕክምና አለው፤ የጉበቱን ሥራ የሚያዘገይ መድኃኒት ይሰጣል፣ በከባድ ሁኔታም ደሙ በማሽን ይታጠባል። በመሆኑም ምንጩ ያልታወቀ አልኮል የጠጣ ሰው ዐይኑ ጭጋግ ከለበሰ እስኪነጋ ሳይጠብቅ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ከዚያው ጠርሙስ የጠጣው ጓደኛው ምንም አልሆንኩም ቢልም አብሮት ይሂድ፣ የተረፈው መጠጥም ካለ ሳይደፋ ለሐኪሙ ይቅረብ።